ድንቢጥ ሁሉ ድንቢጥ ነውን? ስለ አዕዋፍ ምልከታ ቃላት አተረጓጎም

የስያሜ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በሕክምና፣ በሕግ፣ በምህንድስናና እነዚህን በመሳሰሉት ሰፋፊ የሙያ መስኮች ቃላት ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ተርጓሚን የሚያሰናክለው አስቸጋሪ ቃል ብቻ አይደለም። አስቸጋሪ ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ባለሙያም ይጠየቃል፤ ቀላልና የታወቀ የሚመስል ቃል ሲያጋጥም ግን ማንም አያመነታም። ከዚህ የተነሣ ከባድ የተባለው የሳይንስ ጽሑፍ በደኅና ተተርጉሞ፣ ሕፃን እንኳ ይረዳዋል የተባለው ዘገባ ፍጹም የተሳሳተ መልእክት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው የወፍ ተመልካቾች የሚጽፉት አጭር ዘገባ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት ታላላቅ ሐይቆች አንዱ የሆነው የሚሺጋን ሐይቅ ስፋቱ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጣና ጋር ሲነጻጸር ከአሥራ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ወዲያ ማዶው አይታይም። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በቺካጎ ከተማ፣ ሞንትሮዝ የሚባል ወደ ውሃው ገባ ያለ የመሬት ጫፍ አለ። ሌሊቱን ወደ ሰሜን ሲበሩ ያደሩ ትንንሽ ወፎች ጎሕ ሲቀድ ከበታቻቸው ውሃና ሕንፃ እንጂ ሌላ ማረፊያ ስለማያገኙ፣ በዚህ ጫፍ ላይ ባለው ቁጥቋጦ ይሰፍራሉ። ቁጥቋጦው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በሥፍራው ከነበረ የጦር ሰፈር የተረፈ አጥር ነው፤ ተመልካቾቹ ግን «አስማተኛው አጥር» ብለን ልንመልሰው በምንችለው ቅጽል ስም ይጠሩታል። በአካባቢው እስከ ዛሬ ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ብዙ ሰዎች አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው ማለዳ ወደዚህ ሥፍራ ይመጣሉ፤ ያዩትንም ከነቀኑና ከነብዛቱ ይመዘግባሉ።

ከእነዚህ መዛግብት አንዱን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ወስደን፣ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በየቃሉ አንጻር የሚሰጡትን የመጀመሪያ አቻ እየደረደርን ብንተረጉመው የሚከተለውን እናገኛለን፦ «በጸደይ ወቅት በሐይቁ ዳር ወፍ ስንጠብቅ አንዲት ብርቅዬ ድንቢጥ አየን።» ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ምንም ነቀፋ የለበትም። ለአንድ የአገር ቤት አንባቢ ግን የሚነግረው ነገር ሌላ ነው፦ ከመስቀል በኋላ አበባ በፈነዳበት ወራት፣ በሐይቅ ዳር ካለ እርሻ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች፣ በሌላ አገር የማትገኝ፣ በየቤቱ ክዳን ሥር የምናውቃትን የመሰለች ወፍ አዩ ማለት ነው። ወቅቱም፣ ሥራውም፣ ወፏም ተለውጠዋል። ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ዘገባዎች ለሳይንስ ጥሬ ማስረጃ ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገናው የሚካሄደው የወፍ ቆጠራ በአብዛኛው የሚሠራው ደመወዝ በማይከፈላቸው ወዶ ዘማቾች ነው። የወፎች መኖሪያ ከዓመት ዓመት መስፋቱም ሆነ መጥበቡ የሚታወቀው ከእንዲህ ያለ መዝገብ በመሆኑ፣ ቃሉን ያሳተ ተርጓሚ ማስረጃውን አሳተ ማለት ነው።

ከ«መጠበቅ» እንጀምር። የእንግሊዝኛው ግሥ ነቅቶ ማየትንም ዘብ መቆምንም አጣምሮ ይይዛል። በአማርኛ ግን ወፍ ጥበቃ ራሱን የቻለ፣ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ እያስጮኹ፣ ግሪሳውን ከሰብሉ የሚያባርሩበት ሥራ ነው። ወፍ የሚጠብቅ ሰው ዓላማው ወፉ እንዳይመጣ ነው፤ የቺካጎው ሰው ዓላማ ደግሞ ወፉ እንዳይሄድበት ነው። ከዚህ የበለጠ ተቃራኒ ትርጉም ማግኘት ያስቸግራል። «ትዝብት» የሚለውን ቃል የሚመርጡ አሉ፤ ይሁን እንጂ ታዛቢ የሌላውን ጉድለት በልቡ የሚይዝ ስለሆነ ለወፍ አይስማማም። «ቅኝት» ሥፍራን ዞሮ ማየትን እንጂ በአንድ ቦታ ጸጥ ብሎ መቆየትን አያመለክትም፤ በዚያም ላይ ለዜማ ስልት የተያዘ ቃል ነው። በእኛ አስተያየት የሚሻለው «የአዕዋፍ ምልከታ»፣ ባለቤቱም «የአዕዋፍ ተመልካች» ነው። «ሥነ አዕዋፍ» የሚለው ስም ለሳይንሱ ይቆይ፤ ሁለቱ መስኮች ቢደጋገፉም አንድ አይደሉምና። (በዚሁ አጋጣሚ፣ «አዕዋፍ» ራሱ የግእዝ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «አዕዋፋት» ማለት ብዙውን እንደገና ማብዛት ነው። ጋዜጦች ቢተዉት ደግ ነበር።)

ሁለተኛው ቃል ወቅቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ውዝግብ አለበት። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ወይም ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። በዚህ መሠረት በግንቦት የታየች ወፍ በጸደይ ታየች ማለት ትክክል ነው፤ የሰሜኑ አገር ወቅትና የእኛ ጸደይ በአብዛኛው ይገጥማሉ። የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ የካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። በእነርሱ ቋንቋ ያችው ወፍ የታየችው በበልግ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ በዛሬው የጋዜጣና የሬዲዮ ንግግር «ጸደይ» ብዙ ጊዜ የሚውለው ከዕንቁጣጣሽ ወዲህ ላለው የአበባ ወራት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአውሮፓ መጻሕፍት ያን ወቅት የሚገልጹት በአበባ፣ በልምላሜና በፀሐይ መመለስ ስለሆነ፣ ተርጓሚውም አንባቢውም ይህን የሚመስለውን የአገራቸውን ወራት ፈልገው መስከረምን አገኙ። ስለዚህ አንዱ ቃል በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ቦታ ቆሟል።

በዚህ ረገድ የምንሰጠው ምክር አንድ ነው። ጽሑፉ ልብ ወለድ ከሆነ ተርጓሚው እንደ ስሜቱ ይምረጥ፤ የምልከታ መዝገብ ከሆነ ግን «ጸደይ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የወሩ ስም አብሮ ይጻፍ። «ክረምት»ም ከዚሁ አይለይም። የሰሜኑ አገር የበረዶ ወቅት በልማድ «ክረምት» እየተባለ ተተርጉሟል፤ ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች የሚቆዩት ዳክዬዎችና የውሃ ዳር ወፎች ግን «ክረምቱን በኢትዮጵያ ያሳልፋሉ» ከተባለ አንባቢው በሐምሌ ዝናብ ይፈልጋቸዋል፣ አያገኛቸውምም። እነርሱ ከእኛ ጋር የሚያሳልፉት በጋውን ነው። የሰሜኑ ጸደይ ለሚሺጋን ሐይቅ የመቀበያ ወር ሲሆን ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የመሸኛ ወር ነው።

«ብርቅዬ» የሚለው ቃል ጉዳት የሚያደርሰው በሌላ መንገድ ነው። «ብርቅ» በሥሩ በቀላሉ የማይገኝን፣ ስለዚህም የሚናፈቅን ነገር ያመለክታል። ነገር ግን ስለ ዱር እንስሳት በምንጽፈው ሁሉ፣ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ በተነገረ ቁጥር፣ «ብርቅዬ» ማለት በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ ማለት ሆኖ ጸንቷል። ቃሉ ይህን ሙያዊ ፍች ካገኘ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የወፍ ተመልካቾች ግን በሌላ መሰላል ነው የሚሠሩት፤ አንድ ዝርያ በአንድ ሥፍራ በአንድ ወቅት ምን ያህል እንደሚገኝ በደረጃ ይገልጻሉ። በእያንዳንዱ ጉዞ የሚገኘው «የተለመደ» ነው። በወቅቱ መኖሩ የሚጠበቅ ሆኖ ግን ተፈልጎ አንዳንዴ ብቻ የሚገኘውን «አልፎ አልፎ የሚታይ» ብንለው ይበቃል። በዓመት አንድ ሁለቴ እንኳ መታየቱ የሚያጠራጥረው «እምብዛም የማይታይ» ይሁን። ከመደበኛ መንገዱ ነፋስ ወይም ስሕተት አውጥቶት የደረሰውን ደግሞ «የባዘነ» እንበለው፤ «ስደተኛ» የሚለው ግን ለዚህ አይሆንም። የተባለው ዘገባ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ደረጃ ነው። ደረጃው የወፉ ባሕርይ ሳይሆን የሥፍራውና የወቅቱ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ያው ወፍ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ባለው ሰፊ ሜዳ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደረስን። ድንቢጥ በአማርኛ የአንድ ዝርያ መጠሪያ ሳይሆን በትንሽነታቸው የሚታወቁ፣ ከሰው መኖሪያ የማይርቁ የጥሬ ለቃሚ ወፎች ስም ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 29 ላይ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡት ወፎች «ድንቢጦች» ተብለዋል፤ በመዝሙር 84 ቁጥር 3 ላይ ግን የእንግሊዝኛው ትርጉም ያንኑ የድንቢጥ ስም ባስገባበት ቦታ አማርኛው «ወፍ» ብሎ አልፏል። የዕብራይስጡ ቃል ለወፍ ሁሉ የሚሆን ስለሆነ አማርኛው የበለጠ ጠንቃቃ ነው ማለት ይቻላል። በደጋ ከተሞቻችን በየቤቱ ክዳንና በየአጥሩ የምናያት፣ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቀላ ያለ ቡናማ የሆነችው ወፍ ደግሞ የጀርመኑ ተመራማሪ ሩፔል በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ናት። ይህች ፓሴር የሚባለው ወገን አባል፣ ማለትም በዘር ሐረግ የእውነተኞቹ ድንቢጦች እኅት ናት። በዚህ ምክንያት የአማርኛው ድንቢጥና የአውሮፓው የቤት ድንቢጥ በደንብ ይገጥማሉ።

የማይገጥመው የአሜሪካው ነው። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የፈለሱት ሰፋሪዎች በአዲሱ አገር ያገኟቸውን ትንንሽ፣ ቡናማ፣ ጥሬ ለቃሚ ወፎች በአገራቸው በሚያውቁት ስም ጠሯቸው። እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ልማደኛ ነው፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ «የአጥር ድንቢጥ» የሚባለው ወፍ ድንቢጥ አይደለም። የአሜሪካዎቹ ወፎች ግን ከፓሴር ጋር የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ የሚቀርቡት ኤምበሪዛ ለሚባለው የአውሮፓ፣ የእስያና የአፍሪካ ወገን ሲሆን፣ የአሜሪካ የአዕዋፍ ሊቃውንት ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያም ለይቶ ፓሴሬሊዴ በሚባል በራሳቸው አስተኔ መድቧቸዋል። በዚህ አስተኔ ውስጥ ከ130 በላይ ዝርያዎች ይገኛሉ። እውነተኛው የቤት ድንቢጥ ወደ አሜሪካ የገባው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በብሩክሊን ተለቅቆ ነው፤ ዛሬ በቺካጎ አደባባዮች ፍርፋሪ ሲለቅም የሚውለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ዘገባውን «ድንቢጥ አየን» ብሎ መተርጎም፣ ያን ሁሉ ሰው ማለዳ ከቤቱ ያስወጣውን ወፍ በየመንገዱ ከሚረገጠው ጋር አንድ ማድረግ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ወጥመድ እንዴት እንዳለፉት ማየት ይጠቅማል። ፈረንሳይኛ ለእውነተኛው ድንቢጥ «ሟኖ» የሚል ስም አለው፤ ለአሜሪካዎቹ ግን ይህን አይጠቀምም፣ ለኤምበሪዛ ወገን በሚሰጠው «ብሩዋን» በሚለው ይጠራቸዋል። ጀርመንኛም «ሽፐርሊንግ»ን ለቤቱ ወፍ ትቶ ለአሜሪካዎቹ «አመር» ይላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ስያሜውን የሠሩት ከእንግሊዝኛው ቃል ሳይሆን ከወፉ ተነሥተው ነው። የእኛ ትርጉሞች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚመጡ የእንግሊዝኛን የታሪክ አጋጣሚ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገን እንዳንቀበል ያሰጋል። የኤምበሪዛ ወገን በአገራችንም አለ፤ በድንጋያማ ቁልቁለት የሚውል፣ ደረቱ የቀረፋ ቀለም ያለው፣ ራሱ ጥቁርና ነጭ መሥመር የተሰመረበት ዝርያ የዚሁ ወገን ነው። ለዚህ ወፍ ገበሬው የሚሰጠው ስም ተሰብስቦ ሲገኝ የአሜሪካዎቹን አስተኔ ከዚያ ስም ማራባት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ «የአሜሪካ ድንቢጥ» የሚለውን እንድንይዝ እንመክራለን፤ «ድንቢጥ» ያለ ቅጽሉ ብቻውን እንዳይቆም ግን አጥብቀን እናሳስባለን።

ለየዝርያው ስም ስንሰጥስ? በሚሺጋን ሐይቅ ዳር አልፎ አልፎ ከሚታዩት መካከል ስሙ ብዙ የሚያስተምር አንድ ወፍ አለ። እንግሊዝኛው «የሐሪስ ድንቢጥ» ይለዋል። ርዝመቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በአሜሪካ ድንቢጦች መካከል ግዙፍ የሚባል፣ መንቁሩ ሐምራዊ ሮዝ፣ አናቱ፣ ፊቱና ጉሮሮው እስከ ደረቱ ድረስ ጥቁር የሆነ ወፍ ነው። የበረዶውን ወራት ከነብራስካ እስከ ቴክሳስ ባለው ሜዳ ያሳልፍና በጸደይ ወደ ሰሜን ካናዳ ይበራል፤ ዋና መንገዱ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስለሆነ በቺካጎ ሲታይ ወሬ ይሆናል። የሚራባው የጥዱ ደን አልቆ ዛፍ አልባው የሰሜን ምድር በሚጀምርበት ወሰን ላይ ነው። ጎጆውና ዕንቁላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ የተገኘው በ1931 እ.ኤ.አ. በማኒቶባ በምትገኘው በቸርችል አካባቢ ነበር፤ ያገኘውም ጆርጅ ሚክሽ ሰተን ነው። ከካናዳ በቀር በሌላ አገር እንደማይራባ ስለሚታወቅ፣ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል በሙያዊ ፍቹ ለዚህ ወፍ ይገባዋል ከተባለ የሚገባው በካናዳ፣ ያውም በመራቢያው ወራት ብቻ ነው፤ በቺካጎ አይደለም።

ሐሪስ ማን ነው? ኤድዋርድ ሐሪስ በ1843 እ.ኤ.አ. ሠዓሊውና የወፍ ተመራማሪው ኦዱቦን በሚዙሪ ወንዝ ላይ ባደረገው ጉዞ የተካፈለ ወዳጁ ነው። ኦዱቦን ወፉን አዲስ መስሎት በወዳጁ ስም ሰየመው፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ተመራማሪው ነታል ቀደም ብሎ በ1840 እ.ኤ.አ. ገልጾት ነበር። በሳይንሳዊው ስያሜ የቀደመ ስለሚጸና የነታል «ኬሩላ» ቀረ፤ በተራው እንግሊዝኛ ግን የወዳጅነቱ ስም አሸነፈ። «ኬሩላ» በላቲን ብሶተኛ፣ እሮሮ የሚያሰማ ማለት ነው። የወገኑ ስም «ዞኖትሪኪያ» ደግሞ በግሪክ ባለ መቀነት ጠጉር እንደ ማለት ሲሆን በራሳቸው ላይ ያለውን መሥመር ያመለክታል። እንግዲህ ተርጓሚው ሐሪስን ይከተል ወይስ ነታልን? በዚህ ላይ የአሜሪካው ማኅበር በኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. በሥልጣኑ ክልል ያሉትን በሰው ስም የተሰየሙ የእንግሊዝኛ የወፍ ስሞች ሁሉ ለመለወጥ መወሰኑን ማስታወቁ መታወስ አለበት። «የሐሪስ ድንቢጥ» ብለን ብናጸና በውሰት የወሰድነው ስም በባለቤቱ ቤት ሲሻር የእኛ ብቻውን ሊቀር ነው። ስለ ሐሪስ የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት መሆኑ ሲታከልበት፣ መልክን የሚገልጽ ስም መምረጡ ይበጃል። ፈረንሳይኛ ባለ ጥቁር ፊት ብሎታል፤ አማርኛም «ራሰ በራ»፣ «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር» ብሎ የሚያራባበት ስልት ስላለው «ፊተ ጥቁር የአሜሪካ ድንቢጥ» ማለት ከቋንቋው ባሕርይ ጋር ይስማማል።

ይህ ስልት ለዘመዶቹም ያገለግላል፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። የዚሁ ወገን አባል የሆነውን አንዱን ዝርያ እንግሊዝኛው በ«ዘውድ» ነጭነት ይጠራዋል። በአዕዋፍ አካል ገለጻ ዘውድ ማለት የራስ ጫፍ እንጂ የንጉሥ አክሊል አይደለም። «ዘውደ ነጭ» ያለ ተርጓሚ አንባቢውን እንደ ዶሮ ኩክኔ ያለ ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ትክክለኛው «አናተ ነጭ» ነው። ሌላው «ጉሮሮ ነጭ» ሲሆን፣ ቃሉ በ«ኦ» ስለሚያልቅ የማዛረፊያው «አ» አይገባበትም፤ እንዳለ መተው እንጂ ለድምፁ ማማር ሲባል «አንገተ ነጭ» ማለት አይገባም፤ ጉሮሮና አንገት ለወፍ ተመልካች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸውና።

የፆታውም ነገር አለ። እንግሊዝኛው ለወፉ ሕይወት የሌለው ነገር ተውላጠ ስም ይሰጠዋል፤ አማርኛ ይህ ስለሌለው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ድንቢጥ በትንሽነቷ በአንስታይ መጠራቷ የቋንቋው ጠባይ ነው፤ «ድንቢጧ መጣች» ሲባል ማንም እንስት መሆኗን ተመሰከረ አይልም። በመዝገብ ላይ ግን ተባዕትና እንስት መለየት ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው፤ በፊተ ጥቁር ደግሞ ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በመስክ መለየት ያዳግታል። ስለዚህ ሰዋስዋዊው ፆታ እንደ ልማዱ ይቀጥል፤ ተፈጥሯዊው ፆታ በመዝገብ በተጠቀሰ ጊዜ «ተባዕት» እና «እንስት» የሚሉት ቃላት ይጻፉ።

«አየን» የሚለው ግሥ እንኳ ሊታለፍ አይገባም። ማየትና ማወቅ በመስክ ላይ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ግሥ ሁለቱንም ይጠቀልላል። አማርኛ «ለየን» የሚል የተሻለ ቃል አለው፤ ከመንጋው መካከል ነጥሎ ማውጣትንም ማንነቱን ማረጋገጥንም በአንድ ጊዜ ይናገራል። እንዲህ ከሆነ ዘገባው «በጸደይ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ በሐይቁ ዳር የአዕዋፍ ምልከታ ስናደርግ በአካባቢው አልፎ አልፎ የምትታይ አንዲት ፊተ ጥቁር የአሜሪካ ድንቢጥ ለየን» ይሆናል። ረዝሟል፤ አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ቃላቱ ሲለመዱ ያጥራል፤ ያልተለመደ ስያሜ መጀመሪያ ላይ መርዘሙ የተለመደ ነው።

ወፍ የሚለየው በመልክ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ስለሆነ፣ ለድምፁ የሚሆነውን ቃል ሳንነካ ማለፍ አይቻልም። እንግሊዝኛው ወፍ በመራቢያው ወራት የሚያሰማውን የተቀነባበረ ድምፅ ከዕለት ተዕለቱ አጭር ድምፅ በስም ይለያል። የፊተ ጥቁር የመጀመሪያው ዓይነት ድምፅ በአንድ ከፍታ ላይ የሚደጋገም፣ የሚያሳዝን ፉጨት ነው፤ «ብሶተኛ» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ይህን «ዜማ» እንበለው። ሁለተኛውን «ጥሪ» ብሎ መተርጎም ግን ቃል በቃል መገልበጥ ነው፤ ወፉ አደጋ ሲያይ የሚያሰማው ማንንም መጥራት አይደለምና «ጩኸት» ይሻላል። ምሳሌያዊው ንግግራችንም «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ነው የሚለው።

ይህ ተረት ለቋንቋ አጥኚዎች ከምሳሌነት ያለፈ ነገር ይዟል። ፒተር ማርለርና ሚዎኮ ታሙራ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩት አናተ ነጭ የአሜሪካ ድንቢጦች በየአካባቢያቸው የተለያየ ዜማ እንዳላቸው፣ ጫጩቱም የአካባቢውን ዜማ ከአዋቂዎቹ በመስማት እንደሚማረው አሳይተዋል። ጥናቱ ለዚህ ልዩነት የመረጠው ቃል እኛ ለሰው ቋንቋ «ዘዬ» የምንለውን ነው። ተርጓሚው እዚህ ላይ «የድምፅ ዓይነት» ብሎ እንዳይሸሽ እንመክራለን፤ በመወለድ ሳይሆን በመማር የሚተላለፍ እስከ ሆነ ድረስ «ዘዬ» ትክክለኛ ስሙ ነው። በጉሮሮ ነጭ የታየው ደግሞ የድምፅ ለውጥ ታሪክን ለሚያጠና ሰው የተለየ ደስታ የሚሰጥ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ የዜማው መጨረሻ በሦስት በሦስት ኖታ የሚደጋገም የነበረ ሲሆን፣ በምዕራብ ካናዳ በሁለት በሁለት የሚደጋገም አዲስ አጨራረስ ተነሥቶ ከ2000 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተስፋፍቷል። ማስረጃው በከፊል የተሰበሰበው ከላይ እንደ ጠቀስናቸው ካሉ ተራ ተመልካቾች ነው።

ለኤምበሪዛ ወገን በየአውራጃው የሚነገረውን የአካባቢ ስም፣ እንዲሁም ገበሬውና እረኛው በወፍ ዜማና በወፍ ጩኸት መካከል የሚያደርጉትን ልዩነት የሚገልጹ ቃላት የሚያውቁ አንባብያን፣ ቃሉ የተሰማበትን ሥፍራና ወፉን ለመለየት የሚረዳ ገለጻ ጨምረው ቢልኩልን በዚህ መጽሔት በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣለን።